«ሲስተም የለም» ከሚለው መልስ በስተጀርባ፦ የሶፍትዌር ንድፍ የቡድን ሥራ በማኅበራዊ ንድፈ ሐሳብ ሲታይ

አገልግሎት ፈልጎ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሄድ ዜጋ «ሲስተም የለም»፣ «ሲስተሙ አይቀበልም» ወይም «ይህንን የሚያየው ሌላ ክፍል ነው» የሚሉ መልሶችን በየመስኮቱ ይሰማል። በድረ ገጽ የሚገለገለውም ቢሆን አስቀድሞ የሞላውን መረጃ በሚቀጥለው ገጽ ላይ እንደ አዲስ እንዲሞላ ይጠየቃል፤ አልፎ አልፎም የገዛ ስሙን በትክክል ጽፎ «አልተገኘም» የሚል ምላሽ ይደርሰዋል። እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥም ጥፋቱን በማሽኑ ወይም በኔትወርኩ ላይ መጣል የተለመደ ነው። የኔትወርክ መቋረጥ አንዱ ምክንያት መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ችግሮች የሚመነጩት ሶፍትዌሩን ካቀዱት፣ ከነደፉት፣ ከጻፉትና ከሚያሠሩት ሰዎች የእርስ በርስ ግንኙነት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዲጂታል አገልግሎት በቡድን የሚሠራ ማኅበራዊ ሥራ መሆኑን ማስረዳት፣ ችግሮቹም ለምን በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ደጋግመው እንደሚታዩ መግለጽ፣ በመጨረሻም ተገልጋዩ የሚሰጠው አስተያየት ለሥራው ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ማሳየት ነው። ማኅበራዊ ንድፈ ሐሳብ ስንል ሰዎች በቡድን፣ በሙያና በተቋም ተደራጅተው ሲሠሩ ሥራው እንዴት እንደሚቃናና የት እንደሚሰናከል ለመረዳት የሶሲዮሎጂ፣ የአንትሮፖሎጂና የአስተዳደር ሊቃውንት ያፈለቁትን አስተሳሰብ ማለታችን ነው።

1. ሶፍትዌር የሚሠራው ማን ነው?

ሶፍትዌር ሲባል በብዙ ሰው ሐሳብ የሚመጣው ኮምፒውተር ፊት ለፊት ተቀምጦ ኮድ የሚጽፍ አንድ ወጣት ባለሙያ ነው። የአንድ የመንግሥት አገልግሎት ሶፍትዌር ግን ከዚያ እጅግ የሰፋ የሰው ስብስብ ውጤት ነው። ሕጉን ወይም መመሪያውን ያረቀቀው የሕግ ባለሙያ፣ በጀቱን የፈቀደው ኃላፊ፣ ጨረታውን ያወጣው የግዥ ክፍል፣ የሥራ ሂደቱን ያጠናው ባለሙያ፣ ገጹን የሚነድፈው፣ ኮዱን የሚጽፈው፣ ፍተሻ የሚያደርገው፣ ሰርቨሩን የሚጠብቀው፣ በመስኮት ተቀምጦ መረጃ የሚያስገባው ሠራተኛ፣ እንዲሁም ቅጹን የሚሞላው ተገልጋይ ሁሉም ድርሻ አላቸው።

እነዚህ ሰዎች የሚሠሩት በተለያየ ሕንፃ፣ በተለያየ ውልና በተለያየ የሙያ ቋንቋ ነው። የሕግ ባለሙያው «አመልካች» የሚለው፣ የሒሳብ ክፍሉ «ከፋይ»፣ አበልጻጊው ደግሞ «ተጠቃሚ» ይለዋል። ሦስቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ሰው ነው። ሆኖም ስለ አንድ ሰው መሆኑን ተነጋግረው ካልተስማሙ ያ ሰው በሦስት መዝገብ ሦስት ጊዜ ሊመዘገብ ይችላል።

2. ሥራው የሠሪዎቹን አደረጃጀት ይመስላል

ይህንን ጉዳይ በግልጽ ካስቀመጡት ሰዎች ቀዳሚው አሜሪካዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ሜልቪን ኮንዌይ ነው። ኮንዌይ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ ማንኛውም ሥርዓት የሚነድፍ ድርጅት የሚያወጣው ንድፍ የራሱን የግንኙነት መዋቅር የሚመስል ይሆናል ሲል ተከራከረ። ጽሑፉን በመጀመሪያ የላከለት የሃርቫርድ የንግድ ሥራ መጽሔት ሐሳቡ አልተረጋገጠም ብሎ ሳይቀበለው ቀርቷል። ዛሬ ግን አስተያየቱ «የኮንዌይ ሕግ» ተብሎ በመላው ዓለም ይጠቀሳል።

ኮንዌይ ከሰጣቸው ምሳሌዎች አንዱ ቀላልና አስተማሪ ነው። አንድ ተቋም ለሁለት የኮምፒውተር ቋንቋዎች መተርጎሚያ ፕሮግራም እንዲሠሩ ስምንት ሰዎችን መደበ። አምስቱ በአንደኛው፣ ሦስቱ በሁለተኛው ላይ እንዲሠሩ ተወሰነ። ሥራው ሲያልቅ አምስት ሰዎች የሠሩት ፕሮግራም በአምስት ደረጃ፣ ሦስቱ የሠሩት ደግሞ በሦስት ደረጃ የሚሠራ ሆኖ ተገኘ። የፕሮግራሞቹን ቅርጽ የወሰነው የሰው ድልድሉ ነበር።

ይህ ለተገልጋዩ ምን ትርጉም አለው? አንድ አገልግሎት አራት ቦታ ላይ ፎቶ ኮፒ የሚያስጠይቅ ከሆነ ከበስተጀርባው እርስ በርስ የማይነጋገሩ አራት ክፍሎች ሊኖሩ እንደሚችሉ ያመለክታል። ድረ ገጹ አንድን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ሲጠይቅ ገጾቹን የሠሩት ሁለት ቡድኖች ሳይሆኑ አይቀሩም። የተገልጋዩ መጉላላት የመሥሪያ ቤቱን ውስጣዊ ክፍፍል እንደ ካርታ ያሳያል ማለት ነው። መፍትሔውም አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛት አስቀድሞ ክፍሎቹን ማነጋገር ይሆናል።

3. ሰው መጨመር ሁልጊዜ ሥራን አያፋጥንም

በአገራችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ለአጨዳ፣ ለቤት ሥራና ለሌሎች በደቦ ለሚከናወኑ ተግባራት አባባሉ እውነት ነው። አንዱ የሚያጭደውን ሌላው ማወቅ ሳያስፈልገው ሥራው ይከፋፈላልና። የሶፍትዌር ሥራ ግን እንደ ሎሚው በቀላሉ አይከፋፈልም። የአንዱ ሰው ሥራ ከሌላው ሥራ ጋር ካልተጋጠመ አይሠራም፤ እንዲጋጠም ደግሞ ሁለቱ ሰዎች መነጋገር አለባቸው።

ፍሬድ ብሩክስ የተባለው አሜሪካዊ በ1960ዎቹ ለአይ ቢ ኤም ኩባንያ ኮምፒውተሮች የተሠራውን ትልቅ የሥርዓተ ክወና ሶፍትዌር ፕሮጀክት የመራ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ሥራውን ይበልጥ ያዘገየዋል ብሏል። ምክንያቱን ለመረዳት ሒሳቡን መመልከት ይበቃል። አምስት ሰዎች ባሉበት ቡድን ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው የሚነጋገሩባቸው መስመሮች 10 ናቸው። ቡድኑ 10 ሰዎች ሲኖሩት መስመሮቹ 45 ይሆናሉ፤ 50 ሰዎች ሲሆን ደግሞ 1,225 ይደርሳሉ። በዚህ ላይ አዲስ የሚመጣውን ሰው ሥራ የሚያስተምረው ቀድሞ ሥራውን የያዘው ሰው ስለሆነ የእርሱም ጊዜ ይሻማል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነጥብም አለ። ዴንማርካዊው ፒተር ናውር እ.ኤ.አ. በ1985 እንዳስገነዘበው፣ የአንድ ፕሮግራም ዋናው ሀብት የተጻፈው ኮድ ሳይሆን ቡድኑ ስለ ሥራው በአእምሮው የያዘው ግንዛቤ ነው። ፕሮግራሙ ለምን እንዲህ ሆኖ እንደተሠራ፣ የትኛውን ክፍል ነክቶ የትኛውን መተው እንደሚገባ የሚያውቁት ሠሪዎቹ ናቸው። ይህ ዕውቀት በሰነድ ብቻ ሙሉ በሙሉ አይተላለፍም። የግንባታ ውል አልቆ ቡድኑ ሲበተን ሶፍትዌሩ እየሠራ ቢቆይም ቀስ በቀስ የሚያስተካክለው ሰው ያጣል። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር ሲረከብ፣ ሠሪዎቹ ከራሱ ባለሙያዎች ጋር አብረው እየሠሩ የሚቆዩበትን ጊዜም አብሮ መረከብ ይኖርበታል።

4. አንድ ቅጽ፣ ብዙ ዓይን

የተለያየ ሙያ ያላቸው ሰዎች ሙሉ በሙሉ ሳይስማሙ አብረው መሥራት የሚችሉት እንዴት ነው? ሱዛን ሊ ስታርና ጄምስ ግሪዝመር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥተዋል። ያጠኑት በካሊፎርኒያ በርክሌይ የሚገኘውን የአከርካሪ አጥንት ያላቸው እንስሳት ሙዚየም ታሪክ ነበር። በሙዚየሙ ሥራ ሳይንቲስቶች፣ አማተር ሰብሳቢዎች፣ አዳኞችና የዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪዎች ይሳተፉ ነበር። ዓላማቸው የተለያየ ቢሆንም አንድ ዓይነት የመስክ መመዝገቢያ ቅጽ፣ ካርታና የናሙና ስብስብ ያገናኛቸው ነበር። ተመራማሪዎቹ እንዲህ ያሉ፣ በቡድኖች ድንበር ላይ ቆመው ሁሉንም የሚያገናኙ ነገሮች ለትብብር መሠረት መሆናቸውን አሳዩ።

በመንግሥት አገልግሎት እንዲህ ያለው የድንበር ዕቃ ቅጽ ነው። ተገልጋዩ፣ የመስኮቱ ሠራተኛ፣ የሕግ ክፍሉና ኮምፒውተሩ የሚገናኙት በቅጹ ላይ ነው። ስለሆነም ቅጹ የአንዱን ወገን ዓለም ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ሌላው ይቸገራል። ከአገራችን ሁኔታ ሦስት ምሳሌዎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው ስም ነው። በሌሎች አገሮች የተዘጋጁ ብዙ ሶፍትዌሮች የግል ስምና የቤተሰብ ስም ብቻ ይጠይቃሉ። በኢትዮጵያ ግን የሚጻፈው የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር በአብዛኛው የለም። ቅጹ ሁለት ሳጥን ብቻ ሲኖረው አንዱ ሠራተኛ የአባትን ስም፣ ሌላው የአያትን ስም በሁለተኛው ሳጥን ይሞላል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህንን ችግር በየጊዜው ያውቁታል።

ሁለተኛው ፊደል ነው። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» ለአንባቢ አንድ ስም ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ፀሐይ» እና «ጸሐይ»ም እንዲሁ። በሞክሼ ፊደላት የተጻፉ ስሞችን እንደ አንድ አድርጎ እንዲፈልግ ካልተነገረው በቀር ሲስተሙ አንዱን አግኝቶ ሌላውን «የለም» ይላል። ይህንን የሚያውቀው በመዝገብ ቤት ዕድሜውን ያሳለፈ ሠራተኛ ነው። እርሱ በንድፉ ውይይት ላይ ካልተጠራ ዕውቀቱ ወደ ሶፍትዌሩ አይገባም።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ ቅጽ በጳጉሜን የተወለደን ሰው አይቀበልም። ቀኑን ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ለመመለስ ስምንት ዓመት መደመር ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ ታኅሣሥ 15 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ልደቱ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 1997 ነው፤ ከአሥር ቀን በኋላ ታኅሣሥ 25 ቀን የተወለደው ግን ጃንዋሪ 3 ቀን 1998 ይሆናል። በአንድ ወር ውስጥ የተወለዱ ሁለት ሰዎች በሌላው አቆጣጠር ዓመታቸው ይለያያል። አንዱ መሥሪያ ቤት በትክክል ሲቀይር ሌላው በግምት ከቀየረ፣ ያው ሰው በሁለት ሰነድ ሁለት የልደት ዓመት ይኖረዋል። ከዚያ በኋላ «ሰነዶችህ አይጣጣሙም» የሚባለው ተገልጋዩ ነው።

5. በወረቀት ያለው ዕቅድና በመስኮቱ ያለው ሥራ

አንትሮፖሎጂስቷ ሉሲ ሳችማን በአሜሪካ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ውስጥ ሰዎች አዲስ ፎቶ ኮፒ ማሽን ሲጠቀሙ አጥንታለች። ማሽኑ መመሪያ የሚሰጥ ሥርዓት ነበረው። ያም ሆኖ የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ በወረቀት ሁለት ገጽ ኮፒ ለማድረግ ይቸገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመችው መጽሐፍ ምክንያቱን እንዲህ አስረዳች፦ የማሽኑ ንድፍ ሰው አስቀድሞ የተዘጋጀ ዕቅድን ደረጃ በደረጃ ይከተላል ብሎ ያስባል፤ ሰው ግን እንደ ሁኔታው፣ እንደሚያየውና እንደሚገጥመው እያስተካከለ ይሠራል።

በአገልግሎት መስጫ መስኮት የሚሠራ ሠራተኛ ይህንን በሚገባ ያውቃል። የፖለቲካ ሳይንቲስቱ ማይክል ሊፕስኪ እ.ኤ.አ. በ1980 እንደጻፈው፣ ፖሊሲ ለዜጋው እውን የሚሆነው ከዜጋው ጋር ፊት ለፊት በሚገናኘው ሠራተኛ ውሳኔ ነው። አረጋዊ ተገልጋይ ሲመጡ፣ ሰነዱ የተቃጠለበት ሰው ሲቀርብ፣ የልጇን ጉዳይ የምታስፈጽም እናት ከአባትየው ጋር ካልኖረች ሠራተኛው መመሪያውን ከሁኔታው ጋር ያገናዝባል። ሶፍትዌሩ ግን «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ እንዲቀበል ሆኖ ከተሠራ ሠራተኛውም ማገናዘብ አይችልም። «ሲስተሙ አይቀበልም» የሚለው መልስ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሠራተኛው ተገልጋዩን ለመርዳት ፈቃደኛ ቢሆንም እንኳ የሚጽፍበት ሳጥን የለውም።

ይህ ማለት ግን ሶፍትዌር ሁሉንም ለሠራተኛው ፈቃድ ይተው ማለት አይደለም። ወጥ አሠራር ዜጎችን ከአድልዎና ከእጅ መንሻ ይጠብቃል። የሚያስፈልገው ያልተለመደ ጉዳይ የሚስተናገድበት፣ ምክንያቱ የሚመዘገብበትና ኃላፊ የሚያየው መንገድ በንድፉ ውስጥ አስቀድሞ መኖሩ ነው።

6. አንድ የታወቀ ምሳሌ፦ የአሜሪካ የጤና መድን ድረ ገጽ

እስካሁን የተጠቀሱትን ሐሳቦች በአንድ ላይ የሚያሳይ ጉዳይ በአሜሪካ ተከስቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና መድን ሕግ ዜጎች መድን የሚገዙበት ድረ ገጽ እንዲከፈት አዝዞ ነበር። የፌዴራል መንግሥቱ ድረ ገጽ «ሄልዝኬር ዶት ጎቭ» ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ተከፈተ። በመጀመሪያው ቀን ሚሊዮኖች ገጹን ጎበኙ፤ ምዝገባውን መጨረስ የቻሉት ግን ስድስት ሰዎች ብቻ እንደነበሩ ከጊዜ በኋላ ይፋ የሆኑ ሰነዶች አመለከቱ። በሌላ በኩል መድን ሳይኖራቸው ሕመማቸውን ተሸክመው የሚጠብቁ በርካታ ዜጎች ነበሩ።

ችግሩ የገንዘብ ወይም የባለሙያ እጥረት ብቻ አልነበረም። የመንግሥቱ የጤና መሥሪያ ቤት ዋና ተቆጣጣሪ ለዚሁ ሥራ አስተዋጽኦ ያደረጉ 60 ውሎችን ለይቷል። መድን የሚገዛበትን ዋናውን ሥርዓት አንድ ተቋራጭ፣ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች መረጃ የሚያመጣውን ማገናኛ ሌላ ተቋራጭ ሠሩት። ፖሊሲውን የሚያዘጋጀው ክፍልና ቴክኖሎጂውን የሚመራው ክፍልም የተለያዩ ነበሩ። ተቋራጮቹ ለምክር ቤት በሰጡት ቃል፣ ሁሉም ክፍሎች ተገጣጥመው በአንድነት የተፈተሹት ከመክፈቻው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ገደማ ብቻ እንደነበር ገልጸዋል። እያንዳንዱ ወገን የራሱ ክፍል ይሠራል ይል ነበር። ያልተሠራው መጋጠሚያው ነው፤ መጋጠሚያው ደግሞ የማንም ድርሻ አልነበረም። ኮንዌይ ከ45 ዓመት በፊት የተናገረው ይህንኑ ነበር።

ዋና ተቆጣጣሪው እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት ግልጽ የሆነ የፕሮጀክት መሪ አለመኖሩን በዋና ምክንያትነት አስቀምጧል። የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ሳይኖሩ ቀርተው አልነበረም፤ ነገር ግን የችግሩን ስፋት ተገንዝቦ አቅጣጫ የሚያስቀይር አካል አልነበረም።

ማስተካከያው የመጣው በከፊል ከቴክኒክ ሥራ ነው፤ ተጨማሪ ኮምፒውተሮች ተተክለዋል፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ስሕተቶች ታርመዋል። ሌላው ግማሽ ግን የአሠራር ለውጥ ነበር። የሁሉም ተቋራጮችና የመንግሥት ባለሙያዎች በየቀኑ በአንድ ስብሰባ ይገናኙ ጀመር። በስብሰባው የሚናገረው ማዕረግ ያለው ሳይሆን ጉዳዩን የሚያውቀው ሰው እንዲሆን፣ ጊዜውም እርስ በርስ ለመወቃቀስ ሳይሆን ለመፍትሔ እንዲውል ተወሰነ። ዋና ተቆጣጣሪው ይህንን አሠራር የገለጸው ማን የየትኛው ድርጅት ባጅ እንዳንጠለጠለ የማይታይበት የሥራ ባህል ብሎ ነው። እስከ ዲሴምበር 2013 መጨረሻ ድረስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዚሁ ድረ ገጽ መድን መርጠዋል። በዚያ የመጀመሪያ የምዝገባ ወቅት በፌዴራልና በክልል ገጾች የተመዘገቡት በድምሩ ከስምንት ሚሊዮን በላይ ሆኑ።

7. ተጠቃሚው የቡድኑ አባል ሲሆን

ተገልጋዩንና ሠራተኛውን በንድፉ ውስጥ ማሳተፍ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌያዊው የኮምፒውተር ሊቅ ክሪስተን ኒጎርድ ከአገሩ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ጋር ሆኖ፣ ሠራተኞች ወደ ሥራ ቦታቸው ስለሚገባው ኮምፒውተር የሚያውቁበትንና የሚወስኑበትን መንገድ አጥንቷል። በዚያው አሥር ዓመት በኖርዌይ የሠራተኞችና የአሠሪዎች ማኅበራት በአዲስ ቴክኖሎጂ አገባብ ላይ የሠራተኞችን ተሳትፎ የሚደነግግ ስምምነት ተፈራረሙ።

ከ1981 እስከ 1985 ደግሞ በስዊድንና በዴንማርክ ተመራማሪዎች ከሕትመት ሠራተኞች ማኅበር ጋር «ዩቶፒያ» የተባለ ፕሮጀክት አካሄዱ። ዓላማው የጋዜጣ ገጽ አቀናባሪዎች በሙያቸው ኮርተው የሚሠሩበትን የኮምፒውተር መሣሪያ መንደፍ ነበር። ሠራተኞቹ ስለ ሶፍትዌር የሚናገሩበት የሙያ ቋንቋ ስላልነበራቸው፣ ተመራማሪዎቹ ከካርቶንና ከጣውላ የኮምፒውተር ምስል ሠርተው በጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ሠራተኞቹም በካርቶኑ ላይ እንደሚሠሩ ሆነው ሥራቸውን እያሳዩ «ይህ እዚህ ቢሆን ይሻላል» እያሉ አስተካከሉት። ከካርቶን የተሠራው ዕቃ ስታርና ግሪዝመር እንዳሉት ሁለቱን ሙያዎች ያገናኘ የድንበር ዕቃ ሆነ ማለት ይቻላል። በአነስተኛ ወጪ ብዙ ስሕተት አስቀድሞ ማየት እንደሚቻልም አሳይቷል።

8. በአገራችን ያለው አግባብነት

ኢትዮጵያ «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተሰኘውን ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ካጸደቀች ወዲህ በርካታ የመንግሥት አገልግሎቶች ወደ ዲጂታል ተዛውረዋል። የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቶ የፋይዳ መታወቂያ ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። የፋይዳ ሥርዓት የተገነባው በሕንድ ባንጋሎር በሚገኝ ተቋም የተጀመረና ለማንኛውም አገር ክፍት በሆነ ሶፍትዌር ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የበርካታ ተቋማትን አገልግሎት በአንድ ቦታ የሚሰጠው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሥራ ጀምሯል።

በዚህ ጽሑፍ በቀረበው አስተሳሰብ ሲታዩ ሁለቱም ሥራዎች የተቋማትን ክፍፍል ለማጥበብ የታሰቡ ናቸው። ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥር ስሙ በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ ሰውየው አንድ መሆኑን ለተለያዩ መዝገቦች የሚነግር የጋራ መለያ ነው። አንድ ማዕከል ደግሞ ተገልጋዩ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት የሚያደርገውን መመላለስ ይቀንሳል። ነገር ግን የጋራ ቁጥርና የጋራ ጣሪያ መኖሩ ብቻውን በቂ አይሆንም። ከጣሪያው ሥር ያሉት ክፍሎች መረጃን በሕግ አግባብ እየተለዋወጡ፣ በመጋጠሚያው ላይ ለሚፈጠረው ችግር ኃላፊነት የሚወስድ አካል እየሰየሙ፣ የመስኮት ሠራተኞቻቸውን በንድፍ ውይይት ላይ እያስቀመጡ መሄድ አለባቸው። ይህ ሲጓደል በወረቀት የነበረው ክፍፍል በስክሪን ላይ ይቀጥላል።

ማኅበራዊ ንድፈ ሐሳብ ለጥፋት ሰበብ የሚሰጥ አይደለም። «ችግሩ የአደረጃጀት ነው» ማለት የሚጠየቅ ሰው የለም ማለት እንዳልሆነ ሊሰመርበት ይገባል። አደረጃጀትን የሚወስን ኃላፊ አለ፤ ተጠያቂነቱም ከዚያ ይጀምራል።

9. ተገልጋዩ ምን ማድረግ ይችላል?

በዲጂታል አገልግሎት መጋጠሚያ ላይ ያለውን ችግር ከዳር እስከ ዳር የሚያየው ሰው ተገልጋዩ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ገጽ ያያል፤ ሁሉንም ገጾች በተራ የሚያልፈው አመልካቹ ነው። ስለሆነም አስተያየትዎ ለቡድኑ የሚጎድለውን መረጃ ይሰጣል። አስተያየቱ ወይም ቅሬታው ፍሬያማ እንዲሆን የሚከተሉትን ያካትቱ።

• ችግሩ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደደረሰ ይግለጹ። «አይሠራም» ከማለት ይልቅ «ክፍያ ከፈጸምኩ በኋላ ወደ ማመልከቻው አልመለሰኝም» ማለት ይጠቅማል።

• በስክሪኑ ላይ የወጣውን መልእክት እንዳለ ይጻፉ ወይም ፎቶ ያንሱ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዝግቡ።

• የማመልከቻ ወይም የደረሰኝ ቁጥር ካለዎት ይጥቀሱ። የይለፍ ቃልዎንና በስልክዎ የሚደርስዎትን የማረጋገጫ ኮድ ግን ለማንም አይስጡ።

• ከየትኛው ክፍል ወደ የትኛው ክፍል እንደተላኩ በቅደም ተከተል ያስረዱ። ክፍተቱ ያለበትን ቦታ ለመለየት ከሁሉ የሚረዳው ይህ ነው።

• ስምዎ፣ የልደት ቀንዎ ወይም ሌላ መረጃዎ በሁለት ሰነዶች ላይ ተለያይቶ ከሆነ ሁለቱንም አጻጻፎች ያሳዩ፤ የትኛው ትክክል እንደሆነም ያመልክቱ።

• ሠራተኛው «ሲስተሙ አይቀበልም» ካለዎት፣ ያልተቀበለው ምን እንደሆነና ጉዳዩ ለየትኛው ኃላፊ እንደሚቀርብ በትሕትና ይጠይቁ።

• ጉዳይዎ በመሥሪያ ቤቱ የቅሬታ ሰሚ አካል ካልተፈታ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይችላሉ።

አንድ አዲስ አገልግሎት ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት በሙከራ እንዲሳተፉ ወይም መጠይቅ እንዲሞሉ ሲጋበዙ ጊዜ ወስደው መሳተፍዎ ተመሳሳይ ጥቅም አለው። በተለይ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ዜጎችና በቀላል ስልክ የሚገለገሉ ሰዎች የሚገጥማቸው ችግር በዘመናዊ ቢሮ ውስጥ ለተቀመጠ ነዳፊ አይታየውም። እርሳቸው በሙከራው ላይ ከተገኙ፣ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ተገልጋዮችን የሚያጉላላው ስሕተት በመጀመሪያው ሳምንት ሊታረም ይችላል።